የሕፃናት አዳራሹን በተመለከተ ለአጥቢያችን ሰበካ ጉባኤ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ

ለተከበሩ የደብራችን አስተዳዳሪና የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ፣
ለሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት፣
ለልማት ኮሚቴው አባላት፣

ጉዳዩ፦ ስለ ፈረሰው የሕፃናት አዳራሽና ቦታ ስላጡት ልጆቻችን

አባቶቻችንና ወንድሞቻችን፤ ቡራኬያችሁ ይድረሰን እያልን ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የሕፃናት ክፍሉ አዳራሽ ፈርሶ በቦታው የሚከራይ ሕንፃ መሠራት ከጀመረ ወዲህ ያስገባናቸው ማመልከቻዎች መልስ አላገኙም። አንዱ ‹‹በቀጣዩ ስብሰባ ይታያል›› ተብሎ ቀረ። ሌላው የት እንደገባ መዝገብ ቤቱም አያውቅም፤ የውኃ ሽታ ሆኗል። በቃል ስንጠይቅ ደግሞ አንድ የልማት ኮሚቴ አባል ‹‹እናንተ ጸልዩ፣ ግንባታውን ለእኛ ተዉት›› አሉን። ጸሎቱን አላቋረጥንም። ግንባታው ግን የቆመው በልጆቻችን ቦታ ላይ ስለሆነ ልንተወው አልቻልንም። በቢሮ ያልተሰማውን በአደባባይ ለመናገር የተነሣነው ለዚህ ነው።

ማን እንደሆንን ታውቁናላችሁ። ወንዶቹን በ40፣ ሴቶቹን በ80 ቀናቸው ከዚሁ ደብር ክርስትና ያስነሣን፣ ለንግሥ ጠበል ጸዲቅ የምናዘጋጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ልጅ ይዘን ከግቢው በር የማንጠፋ እናቶች ነን። ከመካከላችን የመንግሥት ሠራተኛ አለች፣ ጉሊት የምትቸረችር አለች፣ ባሏ ዐረብ አገር ሄዶ ብቻዋን የምታሳድግ አለች። ራሷ ዐረብ አገር ሆና ልጇን አያቱ የሚያመጡላትም አለች፤ እሷም በስልክ ሆና ‹‹ስሜን አስገቡልኝ›› ብላናለች።

አዳራሹን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በኖራ የተቀባ ጭቃ ነበር። ዝናብ ሲመታው የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ ያኔ ልጆቹ መዝሙር ይጀምራሉ። በአንደኛው ግድግዳ ላይ አንድ ዲያቆን ከሀ እስከ ፐ በሰማያዊ ቀለም የጻፈው ፊደል ነበር። የላይኛው ረድፍ እንደተጻፈ ሲሆን የታችኛው በልጆች ጣት ተፍቆ የ‹ፈ› ቤት በቅጡ አይነበብም ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ትንንሾቹ ፊደልና አቡነ ዘበሰማያት፣ ከፍ ያሉት ውዳሴ ማርያም ይማሩበታል። በአዘቦት ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ደግሞ ትልልቆቹ ልጆች ያጠኑበታል፤ ዩኒቨርሲቲ የገቡ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ሒሳብና ፊዚክስ ያስረዷቸዋል። ክፍያ የለም፣ ደመወዝ የለም። ከሰበካ ጉባኤው የሚወጣው የመብራቱ ብቻ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። በዓመቱ ውስጥ ልጆች ከቤተ ክርስቲያን የማይለዩበት ጊዜ ቢኖር እሱ ነው፤ ገና ለሌላው ጾም ያልደረሱት እንኳ እስከ ቅዳሴ መውጫ አፋቸውን ሳያሟሹ ይውላሉ። በዚያው በጾሙ የመጀመሪያ ሳምንት ልጆቹ ቆርበው ሲወጡ ቆርቆሮው ወርዶ፣ ወንበሮቹ ግቢው ውስጥ ተከምረው ዝናብ ሲወርድባቸው አገኙ። የፊደሉ ግድግዳ ገና አልፈረሰም ነበር፤ የፈረሰው በማግሥቱ ነው። ማንም ቀድሞ አልነገረን። የሕፃናት ክፍሉ መምህራን እንኳ ዕቃ እንዲያወጡ የተነገራቸው ሠራተኞቹ ከመጡ በኋላ ነው። መዝገቦቹንና የመማሪያ መጻሕፍቱን አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በነጠላዋ ጠቅልላ አወጣች። ሰንበት ትምህርት ቤቶች በወጥነት እንዲያስተምሩበት የተዘጋጀው ሥርዓተ ትምህርት ለክፍሉ የደረሰው በስንት ልመና እንደነበር ብታውቁ፣ የጓሮ ቁሻሻ እንደሚነሣ በአንድ ቀን አታስነሡትም ነበር።

ደብሩ ገቢ አያስፈልገውም የሚል የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ተብሎ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ነገሩ ቀድሞ የገባው ከእኛ ጓዳ ነው። ዘይቱም፣ የልጅ መድኃኒቱም፣ ደብተሩም ተከታትሎ ወጣ። የካህናቱ ቤት ከእኛ ቤት እንደማይለይ እናውቃለን፤ የአንዳንዶቹ ባለቤቶች ከእኛው ጋር እቁብ ይጥላሉ። ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ ዘቢቡ በሙዳየ ምጽዋት ብቻ እንደማይሸፈንም ይገባናል። ስለዚህ ሱቅ ሠርታችሁ ለምን አከራያችሁ አላልንም። ቤተ መቅደስ ውስጥ ስለነበሩት ሻጮችና ገንዘብ ለዋጮች ወንጌል እየጠቀሱ የሚናገሩ ምእመናን አሉ፤ እኛ እዚያ ድረስ አልሄድንም። የምንለው ሌላ ነው። ከዋናው በር በስተግራ ያለው ሰፊ ባዶ ቦታ በወር ኪራይ መኪና ይቆምበታል። ሕንፃው ለምን እዚያ አልተሠራም ብለን ስንጠይቅ ‹‹የመኪና ማቆሚያው ገቢ ያስገባል›› ተባልን። ሕፃናቱስ ስንል የመጣው መልስ ዝምታ ነበር። ዝምታውን ተረድተነዋል፤ ልጆች ኪራይ አይከፍሉም።

አሁን ልጆቹ የት እንዳሉ ልንገራችሁ፣ ምናልባት ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ በኩል ካላለፋችሁ። መጀመሪያ ‹‹ለጊዜው በትልቁ አዳራሽ ይማሩ›› ተባለ። ትልቁ አዳራሽ ግን ለሠርግና ለተዝካር ይከራያል። ጥቅምት ላይ ልጆቹ ገና ጸሎት ሳይጨርሱ የሠርግ ድምፅ ማጉያ ተሸክመው የገቡ ሰዎች ‹‹ውጡ›› አሏቸው። መምህሯ ጽሕፈት ቤት ሄዳ ስትጠይቅ ውሉ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ተብሎ እንደተፈረመ ነገሯት። ከዚያ ሰዓቱ ወደ ጠዋት ተዛወረ፤ ቅዳሜ ጠዋት ግን አብዛኞቹ ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት አላቸው፤ አብዛኞቻችንም ሥራ እንገባለን። እንደገና ወደ ከሰዓት ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜ ቦታው ከቤተ ልሔሙ ጀርባ የተወጠረ ሸራ ሆነ። ሸራው ፀሐይ አይከለክልም፣ ነፋስ ሲመጣ ይነሣል። የተመዘገቡት ልጆች ከ200 ይበልጡ ነበር፤ ባለፈው ቅዳሜ የመጡት 60 አይሞሉም። የቀሩት የት ሄዱ ብሎ ከጽሕፈት ቤቱ የጠየቀ ሰው አለ?

የደኅንነቱን ነገር ለብቻው ማንሣት አለብን። ግንባታው አጥር የለውም። ለመሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ክረምቱ እስኪወጣ ውኃ ቋጥሮ ነበር፤ ዙሪያው ላይ የተዘረጋው አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ ገመዱንም ልጆች ይዘሉበታል። ፌሮው ጫፉ ሳይታጠፍ ቆሟል። አንድ የ8 ዓመት ልጅ ጫማውን ለቅዳሴ አውልቆ ሲሮጥ ሚስማር ረግጦ እናቱ ለመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከጤና ጣቢያ ጤና ጣቢያ ስትዞር ዋለች። ነገሩን ለጽሕፈት ቤቱ ስትናገር ‹‹ልጅሽን ያዢ›› ተባለች። መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በምንጃር ሸንኮራ አረርቲ ማርያም ለንግሥ በመጡ ምእመናን ላይ የግንባታ ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። በማግሥቱ እዚሁ ደብር ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎ አብረን አልቅሰናል። ከለቅሶው በኋላ የራሳችንን ርብራብ ዞር ብሎ ያየ መሐንዲስ ግን አልመጣም። ለጥምቀት ሰዉ ግቢውን ሲሞላ፣ ጎረምሶች ታቦቱን ለማየት እዚያው ርብራብ ላይ ተንጠላጥለው ነበር። እኛ እናቶች ከታች ሆነን ‹‹ውረዱ!›› እያልን ስንጮህ እልልታ መስሏቸው የሳቁብን አሉ። እግዚአብሔር ይመስገን ምንም አልሆነም። ‹‹ምንም አልሆነም›› ግን የጥንቃቄ ማስረጃ አይደለም።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሕፃናት አዳራሹን በብሎኬት ለማሠራት እናቶች ገንዘብ ማሰባሰብ የጀመርነው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ዳቦ ጋግረን፣ ቆሎ ቆልተን፣ በየንግሡ ጃንጥላ ዘርግተን ለምነናል። ልጆቹም ከቁርሳቸው እየቀነሱ በቆርቆሮ ጣሳ አጠራቅመዋል። ገንዘቡ በሞዴል ደረሰኝ ገቢ ሆኗል፤ ደረሰኞቹ ላይ ‹‹ለሕፃናት አዳራሽ ማሠሪያ›› ተብሎ ተጽፏል፤ ቀሪዎቹ በእጃችን አሉ። አሁን ሒሳቡ ወደ አጠቃላይ የልማት ሒሳብ መዛወሩን ሰማን። በማን ውሳኔ? በየትኛው ቃለ ጉባኤ? ለአንድ ዓላማ በስም የተለመነ ገንዘብ ለሌላ ሲውል ለሰጪው መንገር ደንብ ብቻ ሳይሆን የሃይማኖት ነገር ነው። ጣሳውን ይዞ የመጣው የስድስት ዓመት ልጅ ‹‹የእኛ ቤት መቼ ይሠራል?›› ብሎ ሲጠይቅ መልስ የምንሰጠው እኛ ነን፤ እናንተ አይደላችሁም።

ውሳኔው የተሰጠበትንም መንገድ እናንሣ። ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ አጥቢያዎች የሚተዳደሩበት ቃለ ዓዋዲ ሰበካ ጉባኤን ከካህናት፣ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ያዋቀረው እንዲህ ያለ ነገር በጥቂት ሰዎች እንዳይወሰን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተወካይ አዳራሹ እንዲፈርስ በተወሰነበት ስብሰባ አልተጠራሁም ይላል። ከምእመናን ተወካዮች መካከል ደግሞ አንዲት ሴት የለችም። በዚህ ግቢ የሚጠረገውን፣ የሚጋገረውን፣ የሚታጠበውን ሁሉ ማን እንደሚሠራው ለእናንተ አንነግራችሁም። በምርጫው ጊዜ አንዲት እህታችን ስሟ ተጠቁሞ ‹‹እሷ የልጆች እናት ናት፣ ጊዜ የላትም›› ተብሎ ታለፈች። እንዲህ ያሉት አባት የአምስት ልጆች አባት ናቸው፤ እሳቸው ጊዜ አላቸው፤ ዛሬም አባል ናቸው።

ልጆቻችን በቁጥር የሚገቡበት ጊዜ እንዳለም አንረሳም። በ2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ፈቃድ ውጭ ጳጳሳት ተሾሙ ተብሎ ቤተ ክርስቲያን ያ ፈተና ሲደርስባት፣ ቅዱስ ሲኖዶስ በጾመ ነነዌ ጥቁር ልበሱ ሲል፣ ለሦስቱ ቀን የሚሆን የልጅ ጥቁር ልብስ ፍለጋ ያልዞርንበት ገበያ የለም። ያጣችው የራሷን ሻሽ ቀዳ ሰፋች። በዚህ ግቢ በእንባ ሲማለል ከፊት የተቀመጡት እነማን ነበሩ? ያን ጊዜ ‹‹የነነዌ ሕፃናት›› ብላችሁ ሰብካችሁባቸዋል። ለጸሎት የተፈለጉ ልጆች ለቦታ ሲሆን ለምን ይረሳሉ?

ስለ ቤታችን ትንሽ እንጨምር፤ ከጉዳዩ የራቀ የሚመስላችሁ ካለ ታገሡን።

ልጆቻችን የሚያድጉበት ዘመን ከእኛ ዘመን ይከብዳል። የሰሜኑን ጦርነት ገና ሕፃን ሆነው ሰሙት፤ ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ ሲባል አለቀ ብለን ነገርናቸው። ዓመት ሳይሞላ ዐማራ ክልል ውስጥ ሌላ ተጀመረ። ጎንደር ያለችው አያት መንገድ ተዘጋ ብላ ለፋሲካ ስትቀር፣ ጎጃም ያለ የአክስት ልጅ ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ዓመት አልፎት ቤት ሲውል፣ ልጅ ይጠይቃል። ይህን የምጽፈው የእኔ ሁለተኛ ልጅ፣ የሰባት ዓመቱ፣ በቅዳሴ መካከል ካህኑ ስለ አገር ሰላም ሲጸልዩ ነጠላዬን ሳብ አድርጎ፣

‹‹እማዬ፣ የሚተኩሱት ሰዎች ክርስቲያን ናቸው?›› አለኝ።

‹‹ዝም በል፣ ጸሎት ነው›› አልኩት።

‹‹የሚተኮስባቸውስ?››

ቅዳሜ ለመምህርህ ጠይቅ ልለው ነበር። ሸራው ሥር የትኛው መምህር፣ በየትኛው ጸጥታ ይህን ይመልስለታል? እኔ ቤት ወስጄ የቻልኩትን ያህል ነገርኩት። ግን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከእናት ጋር ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን የምትባለውም ለዚህ ነበር።

ትልልቆቹ ደግሞ አይጠይቁንም። ስልክ ይጠይቃሉ። በቲክቶክ ቀጥታ ሥርጭት ላይ መስቀል ይዞ ስጦታ እየለቀመ ጳጳሳትን የሚሰድበውን፣ የዓለምን ፍጻሜ ቀን ቆርጦ የሚናገረውን፣ ይህን መድኃኒት አትውሰዱ የሚለውን ሁሉ ልጆቻችን በስሙ ያውቁታል። የገዛ ደብራቸውን ሰባኬ ወንጌል ስም ግን አያውቁም። የ15 ዓመት ልጅ ‹‹እናንተ ቤተ ክርስቲያን የምትሉት ሕንፃ ማከራየት ነው›› ሲል ከየት እንዳመጣው ግልጽ ነው፤ ከስልኩ ነው። ያስቸገረን፣ ዞር ብሎ በመስኮት ቢያይ የሚያየው ስልኩ የነገረውን መሆኑ ነው።

ፈተናውን ታስታውሳላችሁ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ባለፈው ዓመት ተሻሻለ ተብሎ 8.4 በመቶ ሆነ። በአማርኛ ስንተረጉመው በየቤቱ አንድ ጎረምሳ ወይም ኮረዳ ሶፋ ላይ ተኝቶ ይውላል ማለት ነው። አንዳንዱ ደላላ ፍለጋ ይዟል። አዳራሹ እያለ ቢያንስ ከሰዓት በኋላ የሚሄዱበት ነበራቸው። እዚያ ያጠኑ ከነበሩት መካከል ባለፈው ዓመት ያለፉ አሉ፤ ወላጆቻቸው ስእለት አግብተዋል፤ በዐውደ ምሕረት ‹‹እልል በሉ›› ተብሎ ተነቧል። ልጆቹ ያጠኑበት ክፍል ግን ከዚያ በፊት ፈርሶ ነበር።

ከሰፈራችን የተነሡትንም አደራ። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰቦች ገላን ጉራ ገብተዋል። እድሩ ተበትኗል፣ የጽዋ ማኅበሩ ተበትኗል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ቀይረዋል። ከነበራቸው ነገር ያልተለወጠው ይህ ደብር ብቻ ነው። እናቶቹ ሌሊት ተነሥተው፣ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ቀይረው፣ ልጆቻቸውን ቀስቅሰው ይመጣሉ። ባሉበት ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ አይደለም፤ ልጁ የክርስትና አባቱ ያለው፣ ጓደኞቹም ያሉት እዚህ ስለሆነ ነው። ከቅዳሴ በኋላ የልጆች ጉባኤ ሳይኖር ሲቀር ያ ሁሉ መንገድ ለደቂቃዎች ይሆናል። አንዷ እህታችን ‹‹ሰፈሬን መንግሥት አነሣው ብዬ ነበር የማለቅሰው፤ አሁን ቤተ ክርስቲያኔም አነሣችኝ›› ብላለች። ቃሏ ከበደን፣ ግን ትክክል ነው።

የጨቅላ እናቶች በቅዳሴ ጊዜ ልጅ ሲያለቅስ ‹‹ውጪ›› መባላቸውን፣ የሚቀመጡበትና ልጅ የሚያጠቡበት ጥግ አለመኖሩን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ስለተናገርን እዚህ አናስረዝመውም። ‹‹ውጪ›› የምትባለዋ እናት የምትወጣው ወደ ግንባታው መሆኑን ብቻ ልብ በሉ።

ዛሬ የቅዱስ ቂርቆስ በዓል ነው። ሦስት ዓመት ባልዘለለ ሕፃንና በእናቱ በቅድስት ኢየሉጣ የሚኮራ ሕዝብ ነን። ያ ሕፃን በመኰንኑ ፊት ምን እንዳለ፣ እናቱን እንዴት እንዳጽናና ከዚሁ ዐውደ ምሕረት ስትነግሩን ነው ያደግነው። ከዛሬ ጠዋቱ ስብከት በኋላ ይህን ደብዳቤ ለመፈረም ስንሰበሰብ ማንም ሌላ ጥቅስ አልፈለገም።

የምንጠይቀው ይህ ነው።

ከሁሉ በፊት ግንባታው ዙሪያውን በቆርቆሮ ይታጠር፤ ርብራቡና ጉድጓዱ በባለሙያ ይታይ፤ ይህ እስኪሆን ቅዳሜና እሑድ ሥራው ይቁም። ይህኛው ስብሰባ የሚጠብቅ ነገር አይደለም፤ የፊታችን ቅዳሜ ልጆች ይመጣሉ።

እስከዚያው ትልቁ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕፃናት ክፍሉ ብቻ ይሁን፤ በእነዚህ ሰዓቶች የኪራይ ውል አይፈረምበት። የተፈረመ ካለ ሙሽሮቹን እኛው እናነጋግራለን፤ እነሱም ነገ ልጅ ይወልዳሉ።

በሚሠራው ሕንፃ ውስጥ ለሕፃናት ክፍሉና ለትልልቆቹ ልጆች ማጥኛ የሚሆን ቦታ፣ ከምድር ቤት እንጂ ከአራተኛ ፎቅ ያልሆነ፣ በፕላኑ ላይ ተሥሎ ለወላጆች ይታይ። ፕላኑ ከጸደቀ አይቀየርም ካላችሁ የመኪና ማቆሚያው ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ በሰበሰብነው ገንዘብ ራሳችን እንሠራለን።

‹‹ለሕፃናት አዳራሽ ማሠሪያ›› ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ያህል እንደነበር፣ ዛሬ የት እንዳለ፣ በማን ፊርማ እንደተዛወረ በጽሑፍ ይገለጽልን፤ ወደ ስሙም ይመለስ። ደረሰኞቹን አቅርበን ማመሳከር እንችላለን።

የሰበካ ጉባኤው ምርጫ ሲደርስ እናቶች እንዲወከሉ፣ እስከዚያም በልማት ኮሚቴው ስብሰባ የሕፃናት ክፍሉ ወላጆች አንድ ታዛቢ እንዲኖራቸው ይፈቀድልን።

ለጨቅላ እናቶች በሴቶች መቆሚያ በኩል አንድ ጥግ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና መጋረጃ እንጠይቃለን። መጋረጃውን እንሰፋለን፤ ጥግ ግን መስፋት አንችልም።

መልሱን በጽሑፍ፣ ዐቢይ ጾም ከሚገባበት ከየካቲት 9 በፊት እንጠብቃለን። ከዚያ ካለፈ ማመልከቻችንን ከነደረሰኞቹ ቅጂ ይዘን ወደ ክፍለ ከተማው ቤተ ክህነት እንሄዳለን፤ ይህን አስቀድመን የምንነግራችሁ ከጀርባ ሄዱ እንዳትሉን ነው። ልታነጋግሩን ከፈለጋችሁ ቅዳሜ ከ8 ሰዓት ጀምሮ ከቤተ ልሔሙ ጀርባ ሸራው ሥር አለን።

የሕፃናት ክፍል ወላጆች ሰብሳቢ፣ የሦስት ልጆች እናት
(ፊርማቸውን ካኖሩት የአጥቢያው እናቶች ጋር)

ግልባጭ፦
ለደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ጽሕፈት ቤት
ለሕፃናት ክፍል መምህራን